ሽኮኮ አይጥ አይደለም፤ ግልገሏንም ወደ ቋጥኙ ይመልሷት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከጓሯችን በታች ያለው ቋጥኝ ሽኮኮ ሞልቶበታል። ጠዋት ጠዋት ተደራርበው ፀሐይ ሲሞቁ አንዱ ለብቻው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ባለቤቴ "አባትየው ነው፣ ልጆቹን ይጠብቃል" ይላል። ልጄ ደግሞ ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ ነው ተብያለሁ ብላ ከትምህርት ቤት መጣች። እኔ ጭራ የሌለው ትልቅ አይጥ ነው የሚመስለኝ። ትናንት ልጆቹ አንዲት ግልገል ይዘው መጡ፤ የላም ወተት በጡጦ እየሰጠናት ነው። ማሳደግ ይቻላል? ጎረቤቶቻችን ግን ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ቁስል የሚያመጡት እነሱ ናቸው፣ መጥፋት አለባቸው ባዮች ናቸው። ጎመናችንንም እየጨረሱት ነው።»

ምላሽ፦ ከሚያስቸኩለው ልጀምር። ግልገሏን ዛሬውኑ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ልጆቹ ካገኙበት ቦታ ይመልሷት። ሽኮኮ በአብዛኛው ቀን ወጥቶ ማታ የሚገባ እንስሳ ነው፤ እናትየው ድምፅ ሰምታ ልትመጣ የምትችለው በብርሃን ነው። ልጆቹ ትክክለኛውን ስንጥቅ ያሳዩዎት፤ ግልገሏን በጨርቅ ይዘው ከስንጥቁ አፍ ላይ ያስቀምጧት፤ ውሻ ካለ ይታሰር፣ ሰውም ከዓይን ይራቅ። ሰው አጠገቡ ቆሞ እያየው ሽኮኮ በቀላሉ አይወጣም። ስትጮህ ቢሰሙ ተመልሰው አያንሷት፤ እናቷን የሚጠራላት ጩኸቷ ነው። አንድ ቀን ሰው እጅ መዋሏ ላለመመለስ ምክንያት አይሆንም። የቆሰለች ወይም መቆም ያቃታት ከሆነ ብቻ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

ማሳደግ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሴ አይቻልም ነው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ማስጠየቁ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ግልገሏ ራሷ ናት። የሽኮኮ ልጅ እንደ አይጥ ልጅ ራቁቱን፣ ዓይኑን ጨፍኖ አይወለድም። ጠጉሩን ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ይወለድና ወዲያው መሮጥና መዝለል ይጀምራል፤ በቀናት ውስጥም ቅጠል ይቀነጥባል። ይህ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ራሷን የቻለች ትመስላለች። በእርግጥ ግን ለወራት ትጠባለች። የምትቀነጥበውን ቅጠል የሚያብላሉላት ደግሞ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱንም የምታገኘው የአዋቂዎቹን ኩስ በመቅመስ ነው። የዝሆን ግልገልም እንዲሁ ያደርጋል። ጡጦና የላም ወተት ይህን አይተኩም። ሙቀትም አለ፤ የሽኮኮ ሰውነት እንደ ብዙዎቹ አጥቢ እንስሳት ሙቀቱን አጥብቆ መያዝ አይችልም፤ ሌሊት በቤተሰቡ መካከል ተጣብቆ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል። ካርቶን ውስጥ ብቻዋን የምታድር ግልገል፣ በእናንተ ብርድ ላይ፣ ዕድሜዋ አጭር ነው። ብትተርፍ እንኳ አድጋ ትናከሳለች፤ በምን ጥርስ እንደምትናከስ ከዚህ በታች እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ አይጥነቱ። እንደርስዎ ያሰቡ ሳይንቲስቶችም ነበሩ። ፓላስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1766 ለሽኮኮ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ጊኒ ፒግ ከሚባለው የአይጥ ወገን ጋር መድቦት ነበር። ቆይቶ ፈረንሳዊው ኩቪየ የመንጋጋ ጥርሶቹን አይቶ፣ ይህስ ከአይጥ ይልቅ ለአውራሪስ ይቀርባል አለ። በዚያው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ «አሽኮኮ» ብሎ ጽፎለታል፤ ከሁለቱ የኢትዮጵያ ሽኮኮዎች አንዱ፣ የቁጥቋጦ ሽኮኮ የሚባለው፣ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ የብሩስን ስም ይዟል። ክርክሩ ረጅም ጊዜ ወስዶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዲኤንኤ ንጽጽር ሲጨመርበት መልሱ ጠራ። የሽኮኮ የቅርብ ሕያው ዘመዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዝሆን ነው፤ ሌላው በባሕርና በወንዝ ውስጥ ሣር የሚግጡት ዱጎንግና ማናቲ ናቸው። ዱጎንግ በቀይ ባሕርም በፋርስ ባሕረ ሰላጤም አለ፤ አቡ ዳቢ ያሉ ዘመዶች ካሏችሁ ከነሱ ብዙም ሳይርቅ የሽኮኮ የአጎት ልጅ ይዋኛል ማለት ነው። ራቅ ያለው ዘመድ ደግሞ አፈር ቆፍሮ ምስጥ የሚበላው አዋልዲጌሳ ነው። ልጅዎ የተነገራት ትክክል ነው።

ዝምድናው የስም ብቻ እንዳይመስልዎ አንድ ነገር በቅርብ ይመልከቱ። ገደሉ ሥር ንስር በልቶ የጣለው የሽኮኮ ራስ ቅል አይጠፋም። ካገኙ አንሥተው የላይኛውን የፊት ጥርሶች ይዩ። ሁለት ናቸው፤ መካከላቸው ክፍት ነው፤ ወደ ታች ቆልመም ብለው በሹል ይጨርሳሉ፤ ዕድሜ ልካቸውንም ያድጋሉ። በጣት ሲዳሰሱ የወንዱ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጠርዙ ይሰማል፤ የሴቷ ክብ ይላል። የአይጥ የፊት ጥርስ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ሆኖ ጎን ለጎን የተጣበቀ ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይቻልም። እንግዲህ ሰው «የዝሆን ጥርስ» የሚለው ያ ረጅሙ ነገርም ክራንቻ አይደለም፤ እንደዚሁ ከላይኛው የፊት ጥርስ ያደገ ነው። የአሳማና የከርከሮ የሚወጣው ከክራንቻ ነው። በቀላሉ የማይገመት ዝምድና አንዳንዴ እንዲህ ባለ ትንሽ ቦታ ይገኛል።

እግሩም ይናገራል። ፊት አራት ጣት፣ ኋላ ሦስት ጣት አለው፤ ጣቶቹ ላይ ያለው የአይጥ ሹል ጥፍር ሳይሆን እንደ ዝሆን ጣት ደንደን ያለ፣ ኮቴ መሰል ጥፍር ነው። ከኋላ እግር የውስጥ ጣት ላይ ብቻ ረጅም ጥፍር አለች፤ እሷም ጠጉር ማበጠሪያው ናት። ውስጥ እግሩ እንደ ጎማ ለስላሳ ነው፣ ላብ ስለሚያመነጭም ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ቀጥ ያለ ቋጥኝ ላይ ሳይንሸራተት የሚሮጠው በዚህ ነው። የወንዱ የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ አይንጠለጠልም፤ እንደ ዝሆን ሆድ ውስጥ ይቀራል። የእርግዝናው ጊዜ ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይልቅ አስገራሚው ነው። ሽኮኮ ቢበዛ 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እንስሳ ነው፤ ይህን ያህል የምትመዝን ጥንቸል በአንድ ወር ትወልዳለች። ሽኮኮ ግን ሰባት ወር ገደማ ታረግዛለች። ዝሆን 22 ወር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አስቀድሜ ልዝጋ። ሽኮኮ የዝሆን አባት አይደለም፤ ያነሰ ዝሆንም አይደለም። ሁለቱ ከአንድ የጥንት እንስሳ የተለያዩት ከዛሬ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ በየመንገዱ ተጉዟል። ሽኮኮ ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ አልነበረም። ግብጽ ፋዩም በረሃ ውስጥ ከተገኙት ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው ቅሪተ አካሎች መካከል የሽኮኮ ወገኖች በዓይነትም በብዛትም ይታያሉ፤ ትልቁ ከበሬ የሚስተካከል ነበር። በኛም አገር ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ደለል ውስጥ የጥንት ዝሆኖችና የጥንት ሽኮኮዎች አጥንት በአንድ ላይ ተገኝቷል፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ሆኗል። አፍሪካ ያኔ በባሕር የተከበበች ስለነበረች ሣርና ቅጠል በላዎቹ እነዚህ ቤተ ዘመዶች ነበሩ። አህጉሩ ከእስያ ጋር ሲገናኝ የከብትና የአጋዘን፣ የአውራሪስም ወገኖች ገቡ። ሜዳው ተወሰደ። ከሽኮኮ ወገን እስከ ዛሬ የዘለቁት ቋጥኝና ዛፍ ላይ የሚሸሸጉት ትንንሾቹ ናቸው።

ሁለተኛው የሚያመሰኳ ነው የሚለው ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ከሚያመሰኩት ጋር ስለሚቆጥረው ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ሽኮኮ አርፎ ተቀምጦም መንጋጋውን ያንቀሳቅሳል፤ ለሚያየው ሰው ከሚያመሰኳ በግ አይለይም። ሆዱ ግን እንደ በግና ላም አራት ክፍል የለውም፤ የበላውን ወደ አፉ መልሶ አያላምጥም። ቅጠሉ የሚብላላው በአንጀቱ በኩል ባሉ ሰፋፊ ከረጢቶች ውስጥ ነው።

ባለቤትዎ ያዩት እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን ከፊሉ ብቻ ይስማማኛል። የሽኮኮ ቤተሰብ መሠረቱ ሴቶች ናቸው። እናት፣ ልጅ፣ እህት፣ አክስት ሆነው በተወለዱበት ቋጥኝ ይኖራሉ። አንድ ጎልማሳ ወንድ ይጨመርባቸዋል፤ እሱ ከሌላ ቦታ መጥቶ ግዛቱን ያስከበረ ነው። ወንድ ልጆች አንድ ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ከጠርዙ ላይ እየተንጠላጠሉ ዕድል ይጠብቃሉ፣ ብዙዎቹ ሲሄዱ በንስርና በነብር ይበላሉ። ስለዚህ ከፍ ብሎ የቆመው ብዙ ጊዜ ያ ወንድ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ሴቶችም ይጠብቃሉ። በዋናነት የሚጠነቀቁት ከጥቁር ንስር ነው፤ ይህ ንስር በብዙ ቦታ ኑሮው በሽኮኮ ላይ ነው። ሽኮኮ ዓይን ውስጥ ብሌኑን የምታጠልል ትንሽ መጋረጃ አለች፤ ንስሩ በፀሐይ በኩል ቢመጣም ፀሐይዋን ቀና ብሎ ማየት ይችላል። ጠባቂው ሲያፏጭ ሁሉም በቅጽበት ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ነገ ጠዋት ሲከመሩ ጊዜ ወስደው ይመልከቱ። ፊት ለፊት የሚተያዩ አያገኙም፤ ጎን ለጎን ወይም ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት፤ በነሱ ዘንድ አፍጥጦ ማየት ጠብ መፈለግ ነው። ግልገሎች እናት ጀርባ ላይ ይወጣሉ። የአንድ ቤተሰብ ሴቶች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ስለሚወልዱ ልጆቹ እኩያ ሆነው አንድ ላይ ይጫወታሉ። ታንዛኒያ ሰሬንጌቲ ውስጥ ደግሞ የድንጋይ ሽኮኮና የቁጥቋጦ ሽኮኮ አንድ ቋጥኝ ተጋርተው፣ ጠዋት አብረው ተጣብቀው ሲሞቁ፣ ልጆቻቸውም ተቀላቅለው ሲያድጉ ታይቷል። ሁለቱ እርስ በርስ አይዳቀሉም፤ አንዱ ሣር ይግጣል፣ ሌላው ቅጠል ይቀነጥሳል፤ ስለዚህ በምግብ ብዙም አይጣሉም። ሁለት የተለያዩ አጥቢ እንስሳት እንዲህ ተቀራርበው መኖራቸው በጣም ብርቅ ነው።

ወንዱ ይዘፍናል። እንደ ማልቀስ ጀምሮ፣ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ በማንኮራፋት የሚጨርስ ረጅም ጩኸት ከገደሉ ሰምተው ከሆነ እሱ ነው። እስራኤል ውስጥ ኤን ጌዲ ላይ ለብዙ ዓመታት የተደረገ ጥናት፣ በዘፈኑ ውስጥ የዘፋኙ ክብደት፣ ዕድሜና ማዕረግ እንደሚሰማ አሳይቷል። እዚያው የተሠራ ሌላ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ አባላቱ እርስ በርስ በእኩልነት የሚቀራረቡበት ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ሽኮኮዎች ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አገኘ፤ ጥቂቶች የግንኙነቱ ሁሉ መገናኛ በሆኑበት ቤተሰብ ግን ያጥራል። ዝሆኖችም በሴቶች የተመሠረተ ቤተሰብ አላቸው፣ ወንዶቻቸውም ሲጎረምሱ ይወጣሉ፤ ግን ይህን ይዘው ዝምድናቸው በዚህ ይታወቃል እንዳይሉ። ጅብና አንበሳም ሴቶቻቸው በተወለዱበት ይቀራሉ፣ ከዝሆን ግን አይዛመዱም። ዝምድናን የሚመሰክሩት ጥርሱ፣ አጥንቱና ዲኤንኤው ናቸው።

ስለ ቁንጭር ጎረቤቶችዎ ያሉት ከባዶ የመጣ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የቁንጭር ዋና አምጪ የሆነችው ጥገኛ ተሕዋስ፣ ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ፣ ማደሪያዋ ሽኮኮ ነው። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምትሻገረው ግን በአንድ መንገድ ነው፤ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ሽኮኮውን ነክሳ ሰውን ስትነክስ። ሽኮኮ በመንካት፣ በአጠገቡ በማለፍ ወይም ቋጥኙን በመርገጥ አይያዝም፤ ስለዚህ ልጆቹ ግልገሏን ስላቀፉ ብቻ አይደንግጡ። ዝንቧ ቀን በቋጥኝ ስንጥቅና በዋሻ ተደብቃ ሲመሽ ትወጣለች። ጥንቃቄውም ከዚህ ይነሣል፦ ልጆች ከመሸ በኋላ ዋሻና ስንጥቅ አካባቢ አይጫወቱ፤ ፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ይጠቀሙ፤ በሚቀጥሉት ወራት ፊት ወይም እጅ ላይ የማይድን እባጭ ወይም ቁስል ካዩ በአመድ፣ በአሲድ፣ በጋለ ብረት ሳይነኩት ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ከተጀመረ ጠባሳውም ይቀንሳል። ልጆቹን ግልገሏ ነክሳቸው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥበው፣ እንደማንኛውም የዱር እንስሳ ንክሻ፣ ለጤና ባለሙያ ያሳዩት።

መግደሉን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ገደሉን ሁሉ ማጽዳት አይቻልም፤ ባዶ የቀረውን ስንጥቅ ሌላ ቤተሰብ ይይዘዋል። መርዝ ብታስቀምጡ ንስሩንና የራሳችሁን ውሻ ይጨርሳል፤ እባብ ወይም ነብር አዘውትሮ ከሚያገኘው ምግብ ሲነቀል ወደ በግና ዶሮ ሊያዘነብል እንደሚችልም አስቡ። ቤት አጠገብ ያለውን መጠጊያ ማንሣት ግን ይሠራል። እስራኤል ውስጥ ለግንባታ የተገፋ ድንጋይ መንደር ዳር ሲከመር ሽኮኮ ሰፈረበት፣ ሕመሙም ተከትሎ ወደ መንደሩ ቀረበ፤ መፍትሔው የድንጋዩን ክምር ማስወገድ ነበር። ገደሉ የነሱ ይሁን፤ ጓሮዎ ውስጥ ያለው ልቅ የድንጋይ ካብ ግን የእርስዎ ነው።

ለጎመኑም መልሱ ይኸው ነው። ሽኮኮ ከመጠጊያው 50 ሜትር ያህል ርቆ መብላት ያስፈራዋል፤ ስለዚህ ጎመኑን ከቤቱ ወዲያኛው ጎን ያዛውሩት፤ በገደሉና በአትክልቱ መካከል ያለውን ቁጥቋጦና የድንጋይ ክምር አንሥተው ባዶ ያድርጉት። የእንጨት አጥር አይይዘውም፣ ይወጣበታል፤ ችግኝ ላይ ከሆነ ወንፊት ሽቦውን ከላይም ጭምር ይሸፍኑበት። ካቡን በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ሲደፍኑ ደግሞ አስቀድመው ለተከታታይ ቀናት ይፈትሹት። ቋጥኙ ላይ ነጭና ቡናማ ሆኖ የፈሰሰው የሽንታቸው ምልክት ለዓመታት ስለሚቆይ በሱ አይመኑ፤ ትኩስ ኩስ በድንጋዮቹ መካከል ካለ ግን ቤተሰብ አለበት፤ በአንድ በኩል ክፍት ትተው ካቡን ቀስ በቀስ ያፍርሱት፣ ራሳቸው ወደ ገደሉ ይሄዳሉ። ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይድፈኑ።